የስፌት መኪናዬን ሞተር ላስወለቁብኝ የቅሬታ ሰሚ ኃላፊ

ለተከበሩ የኢንተርኔት ገበያው የቅሬታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ራስዎን፣ ወገብዎን፣ በተለይም ዓይንዎን እንዴት አድርጎዎታል? ስለ ዓይንዎ አጥብቄ መጠየቄ ለወጉ ያህል አይደለም። የላክሁልዎትን ሰባት ፎቶግራፍ፣ ሁለት የፖስታ ቤት ደረሰኝና አንድ ገጽ ተኩል ማመልከቻ በስድስት ደቂቃ መርምረው «ማስረጃዎ በቂ ሆኖ አልተገኘም» ብለው ስለመለሱልኝ፣ እንዲህ የሚፈጥን ዓይን አንዳች ነገር ሳያገኘው አይቀርም ብዬ ስሰጋ ከርሜያለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ቂሜም ደኅና ነው፤ ከቀን ወደ ቀን እየፋፋ ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ስለማይሆን በጸሎቴ ላስብዎ አልቻልሁም። በደብዳቤ ግን አስቤዎታለሁ።

ማን እንደሆንሁ ለማንበብ ጊዜ አላገኙምና እንደገና ላስተዋውቅዎ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የልብስ ስፌት ክፍል የነርሶችን ጋውንና የቀዶ ሕክምና አንሶላ ስሰፋ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ሙያውን ያስተማረችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ ሠፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላት ነበር፣ እኔም እንደዚያው። ከሁለት ዓመት በፊት ስታርፍ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናዋን ለእኔ ተወችልኝ። አንድ ዓመት ሰፋሁበት። ከዚያ የእጄ አንጓ እያበጠ ጨርቅ መያዝ አቃተኝ፤ መኪናው ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ሲቀመጥ ማየት ደግሞ እትዬን ሁለተኛ እንደ መቅበር ሆነብኝ። ልጇ «አክስቴ፣ ለሚሠራበት ሰው ይሂድ እንጂ፤ በኢንተርኔት እንሽጠው» አለችኝ። እሺ አልሁ።

ሦስት ሰዎች ፈለጉት። አንደኛው በገበያዎ ላይ ስሙን «ቅን ገዢ» ብሎ ያስመዘገበ ሰው ሲሆን፣ «ልጄን ስፌት ላስተምርበት ነው» ብሎ ጻፈልን። የተሻለ ዋጋ የሰጠ ሌላ ነበር። ይሁን እንጂ አንዲት ልጅ በእትዬ መኪና ላይ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያዋን ቀጥ ያለ ስፌት ስታወጣ ታየኝና ለእሱ ይሁን አልሁ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይህ ነው። ያበጠ እጄን እያሸሁ፣ ዘይቱ የት የት ጠብ እንደሚል፣ ክሩ ሲቋጠር ምን እንደሚደረግ፣ መርፌው ሲደንዝ በድምፁ እንዴት እንደሚታወቅ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍሁላት። «ለማላውቅሽ ልጄ» ብዬ ነበር የጀመርሁት።

አሁን በትሕትና ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ። መኪናውን ስልክ መርፌውን ነቅዬ፣ ጎንና ጎኑን በስፖንጅ ደግፌ፣ በአሮጌ ጋውኖች ጠቅልዬ በድርብ ካርቶን ነው ያሸግሁት። ፖስታ ቤት ስደርስ የጥቅል መስኮቱ ሠራተኛ (ማኅተም ሲመታ ጠረጴዛው ስለሚናወጥ «ማኅተሙ» የምንለው ሰው ነው) ካርቶኑን ሚዛን ላይ ጫነና «እናቴ፣ ክብደቱ ደረሰኙ ላይ ይጻፍልዎ። ተቀባዩም ፈርሞ እንዲወስድ ይሁን» አለኝ።

«ምን አስፈለገ ልጄ? ሰውየው እኮ ቅን ነው» አልሁት።

«ቅን ከሆነማ መፈረም አይከብደውም» አለና አሥራ አራት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ብሎ ጻፈ። እግዜር ይስጠው። እኔ በዚያ ሰዓት ተጠራጣሪ ሰው መስሎኝ ታዝቤዋለሁ።

ቅን ገዢ በአራተኛው ቀን «አይሠራም» ብሎ አመለከተ። እርስዎም ካርቶኑ ወደ እኔ እስኪመለስ እንኳ ሳይጠብቁ ገንዘቡን መለሱለት። በሳምንቱ ካርቶኑ መጣ፤ ማኅተሙ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው ፊቱ ተለወጠ። አሥራ አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። እዚያው ከፈትነው። ሞተሩ የለም። ገመዱ በቢላ ተቆርጧል፤ ብሎኖቹ የነበሩበት ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ለልጅቷ የጻፍሁላት ሁለት ገጽ ደግሞ ተጨማድዶ፣ መኪናው እንዳይንቀሳቀስ ክፍተት መድፈኛ ሆኗል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሲባል እሰማ ነበር፤ የገዛ ደብዳቤዬን ጠጠር አድርጎ የመለሰልኝ ግን ይህ ሰው የመጀመሪያው ነው። የእትዬ ልጅ ወረቀቱን በመዳፏ ስትዳምጠው አየኋት። ያን ቀን አላለቀስሁም። ያን ቀን ይህን ደብዳቤ በልቤ መጻፍ ጀመርሁ።

ሁለተኛ። የስድስት ደቂቃ ፍርድዎ እንደደረሰኝ ስልክ ደወልሁ። ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ አንዲት የክፍልዎ ሠራተኛ አነሳች።

«ሞተሩ ሲላክ ውስጡ እንደነበረ የሚያሳይ ቪዲዮ አለዎት?» አለችኝ።

«ቪዲዮ የለኝም። ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ግን ጎድሎኛል። መኪናው በመንገድ ላይ ከሳ እንዴ?»

ቃላቱን ከወረቀት እንደምታነብ ሰው፣ «በመመሪያው መሠረት ክብደት ማስረጃ አይደለም፤ አዝናለሁ» አለች። «አዝናለሁ» ያለችው ግን ከወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ታውቆኛል። መመሪያውን ያወጡት እርስዎ በመሆንዎ፣ ሚዛንን ከማስረጃነት በማሰናበትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከዚህ በኋላ ሥጋ ቤትም፣ ወርቅ ቤትም ስሄድ ሻጩን በዓይኔ ልመነው ማለት ነው።

ሦስተኛውን ቅሬታ እንደ ቅሬታ ማቅረብ ተስኖኛል፤ ስለዚህ እንደ ታሪክ ይስሙኝ። ሦስት ሳምንት አልፎ የእትዬ ልጅ በገበያዎ ላይ «ብዙም ያልሠራ የስፌት መኪና ሞተር» የሚል ማስታወቂያ አገኘች። ሻጩ ቅን ገዢ። በፎቶው ላይ በአንዱ ብሎን ራስና በሞተሩ አካል መካከል ቀይ የጥፍር ቀለም ተሰምሯል። እትዬ ናት ያሰመረችው። ብሎኑ በላላ ቁጥር መስመሩ ስለሚሰበር፣ መነጽሯን ፍለጋ ሳትደክም ታውቅበት ነበር። ልጇ ስልኩን ይዛ «የእማዬ ቀለም» አለች።

ማስታወቂያው ሥር በጨዋ ደንብ ጠየቅሁት፦ «ወንድሜ፣ ያ ቀይ መስመር ምንድን ነው?» እሱም «ከፋብሪካው ነው» ብሎ መለሰ። እርስዎ ደግሞ «ሌላ ተጠቃሚን በማሸማቀቅ» ብለው እኔን ለሠላሳ ቀን አገዱኝ። ሌባን ምልክት መጠየቅ ማሸማቀቅ መሆኑን ስላስተማሩኝ ውለታዎን አልረሳም፤ እንዳልረሳም ጠንክሬ እየሠራሁ ነው።

እገዳው ባይኖር ኖሮ ምናልባት ደክሞኝ እተወው ነበር። እርስዎ ግን አላስተዉኝም። የእትዬ ልጅ በራሷ ስም ሞተሩን ከቅን ገዢ ገዛችው። የእናቷን ንብረት በገንዘቧ ስትገዛ ምን እንደተሰማት እንድትጽፍልዎ ለምኛት ነበር፤ «የምጽፈው ነገር ለሽማግሌ ሰው አይነበብም» ብላ እምቢ አለችኝ። ጥቅሉ ሲደርስ በማኅተሙ መስኮት ፊት ከፈትነው፤ ከመከፈቱ በፊት ጀምሮ ቀረጻው አልተቋረጠም። የላኪው አድራሻ በመጀመሪያው ካርቶን ላይ የነበረው ራሱ ነው። ቤት ወስደን ሞተሩን በቦታው አሰርነው፤ ልጅቷ መርገጫውን ነካ ስታደርገው መኪናው ጮኸ። ያቺ ጩኸት ሃያ ዓመት ከጎረቤት ክፍል ስሰማት የኖርሁ ናት። ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት።

ሲነጋ ግን ዓይኔን ታጥቤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድሁ። ደረሰኞቹን፣ አድራሻዎቹንና ቀረጻውን ተራ በተራ ጠረጴዛ ላይ ደረደርሁላቸው። መርማሪው ሃያ ደቂቃ ፈጀበት፤ ከእርስዎ በአሥራ አራት ደቂቃ ይዘገያል ማለት ነው፣ ይቅር ይበሉት፣ እያንዳንዱን ወረቀት የሚያነብ ሰው ነው። «ሌላም ተበዳይ ካለ ጉዳዩ ይጠነክራል» አለኝ።

ሌላ ተበዳይ ለማግኘት ምን ይደረጋል? ማኅተሙን አማከርሁት። ቅዳሜ ጠዋት የፖስታ ቤቱ መጠበቂያ ክፍል ባዶ ነው አለኝና ከኃላፊዋ አስፈቀደልኝ። በሩ ላይ «በኢንተርኔት የሸጡትን ዕቃ ከመላክዎ በፊት ይምጡ» ብዬ ለጠፍሁ። መጀመሪያ አምስት ሰው መጣ። በሦስተኛው ቅዳሜ ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው በካርቶን ላይ ተቀመጠ። የማስተምረውን ነገር ለእርስዎም እነግርዎታለሁ፤ ለሙያዎ ሳይጠቅምዎት አይቀርም። የዕቃውን መለያ ቁጥር በቅርበት አንሱ። እየሠራ ቅረጹት፣ ሲታሸግም ሳታቋርጡ ቅረጹ፣ እስከ መስኮቱ ድረስ። ከእናንተ በቀር ማንም የማያውቀው ምልክት ውስጡ ላይ አኑሩ። ከገዢው ጋር ከገበያው ውጭ አትነጋገሩ፤ «ስልክ ቁጥርህን ስጠኝ» ካለ ሽሹ። ክብደቱን አስጽፉ፣ ዋጋው ከፍ ላለው ኢንሹራንስ ግቡለት፣ ያለ ፊርማ አትላኩ። ተመልሶ ሲመጣም ብቻችሁን አትክፈቱ፤ ምስክር ፊት ክፈቱ። እነዚህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ደግሞ በቅሬታ ሰሚው አትተማመኑ፤ ይህን ስናገር ክፍሉ ሁልጊዜ ይስቃል፣ ምን እንደሚያስቃቸው እርስዎ ይወቁ።

በሦስት ቅዳሜ ውስጥ ቅን ገዢ የነካቸው ሰባት ሰዎች ተገኙ። ሌንሱ የተቀየረበት ፎቶግራፍ አንሺ አለ። የሸጠችው ኮምፒውተር ባትሪ ወጥቶ እንጨት የተተካባት አዋላጅ ነርስ አለች። ከሰባቱ ሁሉ እጅ ከእርስዎ የተላከ «ማስረጃዎ በቂ ሆኖ አልተገኘም» የሚል ወረቀት ተገኝቷል፤ ፊደል ሳይጨምር፣ ፊደል ሳይቀንስ። አራተኛው ቅዳሜ ላይ ደግሞ ከኋላ የተቀመጠች ወጣት እጇን አወጣችና ጥያቄ ጠየቀች። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ ወዲያው አወቅኋት። ሥራውን ከለቀቀች ሁለት ሳምንቷ ነው። «እማማ፣ የእርስዎን ማመልከቻ ሙሉውን አንብቤው ነበር» አለችኝ፤ «ውድቅ የሚለውን የሚጫኑት ግን እሳቸው ናቸው። ሳይከፍቱት።» አቅፌ ሳምኋት። አሁን ከእትዬ ልጅ ጋር በእትዬ መኪና ስፌት እየተማረች ነው።

ቅን ገዢ ተይዟል። ቤቱ ሲፈተሽ አንድ ክፍል ሙሉ ሞተር፣ ሌንስና የኮምፒውተር ሰሌዳ ተገኘ፤ በየዓይነቱ ተደርድሮ። ልጅ ግን አልተገኘም፤ ልጅ የለውም፣ ኖሮትም አያውቅም። መርማሪው ቃሉን ሲቀበል እኔም በሩ ላይ ነበርሁ። «በአንድ ስም፣ በአንድ አድራሻ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትሠራ አልፈራህም?» ሲለው፣ «ምን ያስፈራኛል? ቅሬታ ሰሚው እኮ ሁልጊዜ ለእኔ ነው የሚፈርደው» ብሎ መለሰ። ቃሉ በመዝገብ ሰፍሯል። በዚህ ዓለም ስለ ሥራዎ በፈቃዱ የመሰከረልዎ እሱ ብቻ ነውና፣ ስምንታችን ተበዳዮች የቃሉን ቅጂ አስወጥተን ለሥራ አመራር ቦርድዎ አባላት ለእያንዳንዳቸው ልከናል። በሚቀጥለው ማክሰኞ ስብሰባ እንዳላቸው ሰምቻለሁ። አዲስ ሸሚዝ ቢለብሱ ይመከራል።

ይህን ሁሉ ጉድ በአንድ ጣት ጫና ላደረሱልኝ፣ ጡረታዬን ሥራ ፈት ሆኜ እንዳላሳልፍ ላተጉኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ከመኖር ላዳኑኝ ለክቡርነትዎ፣ ያለኝን አክብሮት ለመግለጽ ቃል እያጠረኝ፣ የወንበርዎ ምቾት እስከ ማክሰኞ እንዳይጓደል ከልብ እየተመኘሁ፣

ያገዷት፣ ያልታገደችው፣
የቀድሞዋ የሆስፒታል ልብስ ሰፊ።

ማስታወሻ፦ የእትዬ ልጅ ባለፈው ሳምንት ለማጥኛ ጠረጴዛዋ የመስተዋት ቆብ ያለው መብራት ከገበያው ገዛች። ጥቅሉ ሲመጣ የላኪው ስም የእርስዎ ሆኖ ተገኘ። ባንድ ቅጠል ጋዜጣ ብቻ ነው የጠቀለሉት፤ ፎቶ የለው፣ ክብደት አልተጻፈ፣ የተረካቢ ፊርማ የለ። መስተዋቱ ጭረት እንኳ ሳያገኘው ደርሷል፤ ይህን የምናውቀው ግን እኔና ልጅቷ ብቻ ነን። በመመሪያዎ ገዢ «ተሰብሮ ደረሰኝ» ለማለት አሥራ አራት ቀን አለው። ዛሬ ስምንተኛው ነው። መልካም እንቅልፍ ይሁንልዎ።