ሸክላው ለእሷ፣ ማጫወቻው ለእሱ

ፀዳ፣ ጥቅምት 14 ቀን

ይድረስ ለልጄ አባት፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ይዞሃል? ዘንድሮ እናንተ ጋ፣ ትክል ድንጋይ፣ ዝናቡ መስቀልን አልፎም አለቀቃችሁም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጋቢህን ደርብ፣ ደረትህ ድሮም ብርድ አይችልም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እስከዚህ ያለውን ሰላምታ ከልቤ ነው የጻፍኩት። ከዚህ በታች ያለውን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ተናድጄ ነው የምጽፈው።

የሸክላ ማጫወቻህን የእህትህ ልጅ አምሳል አድርሳልኛለች። በማዳበሪያ ጠቅልላ፣ በሚኒባስ ጭና አምጥታ «አጎቴ ልኮልሻል» ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። መልእክትህንም አልዋጠችም። የዝማሬ እናት ሸክላ ማጫወቻ ልትገዛ ጎንደርን እየዞረች ነው መባሉን ሰምተህ፣ «በጡረታዋ አዲስ ከምትገዛ ይኼን ትውሰደው፤ ለነገሩ በስድሳ ዓመቷ ዘፈን ምን ያደርግላታል?» ብለሃል አሉ። አይ አንተ! ሰው ስጦታ ሲሰጥ ምናለ አፉን ቢዘጋ?

ምን እንደሚያደርግልኝ ረስተኸው እንደሆን ላስታውስህ። ልጃችን ዝማሬ በዘጠኝ ዓመቷ፣ በሦስት ቀን ትኩሳት ስትሄድብን ማጫወቻውን በነጠላ የሸፈንኩት እኔው ነኝ። ሐዘን ቤት ዘፈን እንደማይከፈት ማንም አላስተማረኝም። ሙት ዓመቷ ወጥቶ፣ ዘመድ በልቶ ጠጥቶ ከተመለሰ በኋላ ነጠላውን ላነሳ ስል ግን ፊቴ መጥተህ ተገተርክ። «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ዘፈን አይሰማም» አልክ። እኔ መቼ ዘፈን አምሮኝ! እኔ የፈለግኩት ዝማሬ ስትጨፍርባት የነበረችውን ያችን አንዷን ሸክላ ነው። የተቀዳ ድምጿ የለን፣ ቪዲዮ የለን፣ ያለን ፎቶ እንኳ የክርስትናዋ ብቻ ነው፣ እሱም ተኝታ። ለመንኩህ። አንተ የመሪጌታ ልጅ፣ ኃጢአት ነው አልከኝ። ስታገባኝ የአክስቴን የጠጅ ቤት ሸክላዎች በሣጥን ተሸክሜ ነው የመጣሁት፤ ምነው ያኔ ኃጢአት አልሆነም?

ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር ያውቀዋል። ስንፋታ ቤቱንም ላሞቹንም ያለ ጭቅጭቅ ተካፍለን፣ በዚያ ማጫወቻ ብቻ ሽማግሌ አደከምን። እኔ አልለቅም፣ አንተ አልለቅም። አያ ወልደ ዮሐንስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጥማድ በሬ የሚያካፍሉ መስሏቸው «እኩል ይሁን፤ ሸክላው ለእሷ፣ ማጫወቻው ለእሱ» ብለው ፈረዱ። የቀሩትም «ሸጋ ፍርድ ነው!» ብለው መርቀውን ተነሡ። ከአምስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እንኳ ሸክላ ያለ ማጫወቻ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አፌን ይዤ ተመለስኩ፤ ያን ቀን አለመጮኼ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። አንተ የፈለግከው ዝምታ ነበርና እሱን አገኘህ ብዬ ረገምኩህ።

ሣጥኑን ይዤ ሃያ ሁለት ዓመት ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ዞርኩ። አንድም ቀን አልከፈትኩትም። ማጫወቻ ሳይኖረኝ ማገላበጡ ቁስል መነካካት ነው ብዬ። ዘንድሮ ከማስተማር በጡረታ ስገለል ግን፣ ሴትዮ፣ ምን እስክትሆኚ ነው የምትጠብቂው አልኩ ለራሴ። ተነሥቼ ጎንደር፣ ፒያሳ ወጣሁ።

መምረጡ እንዲህ መከራ መሆኑን ማን ነግሮኝ! አንዱ ሱቅ ሻንጣ የምትመስል ቀይ ነገር አወጣልኝ። ክዳኗን ስትከፍታት ሁሉ ነገሯ ከነስፒከሯ ውስጧ ነው፣ ስታምር! ልገዛት ነበር። ደግነቱ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ክንዱ የሚባል ሰው አለ፤ እሱ ጋ ጎራ ብዬ ነገርኩት። ክንዱ ሳቀብኝ። የዚያች ዓይነቷ መርፌዋን የያዘው ዘንግ ክብደቱ አይስተካከልም፤ ሸክላው ላይ ተጭኖ መስመሩን እንደ ማረሻ ያርሰዋል አለኝ። አንዴ የታረሰ ሸክላ ደግሞ አይመለስም። ሌላው ሱቅ ሄድኩ፤ ልጁ «እማማ፣ ምን አደከመዎት፣ ዘፈኑ ስልክ ላይ አለ፣ በፍላሽ ልጫንልዎት?» አለኝ። በደግነት ነው፣ እኔ ግን ተቆጣሁት። ዘፈኑንማ ሚኒባሱም ይዘፍነዋል። ልጄ ሸክላው እየዞረ ላቁመው ብላ በጥፍሯ የጫረችበትን ቦታ ፍላሹ ከየት ያመጣዋል?

በመጨረሻ ክንዱ አንድ ጥቁር፣ ደንዳና፣ መልክ የሌለው ማጫወቻ ከአዲስ አበባ አስመጣልኝ። በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ ነው የሚዞረው፤ ሞተሩ ሸክላውን አያንቀጠቅጠውም። መርፌውን ከያዘው ዘንግ ጭራ ላይ የምትሽከረከር ክብደት አለችው፤ እሷን እያዞሩ መርፌው በስሱ እንዲያርፍ ይመዝኑታል። የመሃል ቀዳዳቸው ሰፊ ለሆነው ለእኛዎቹ ትንንሽ ሸክላዎች የሚሆን ድቡልቡል መሰኪያም አለው። አምፕሊፋየርና ስፒከር ለብቻ ይፈልጋል፣ ከባድ ነው፣ ያስጠላል። ወደድኩት። ልከፍል ቀጠሮ በያዝኩበት ሳምንት ነው ያንተው ከተፍ ያለው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሳየው ቁጭ ብዬ ክዳኑን ዳበስኩት። ዝማሬ የለጠፈችበት ሙጫ እንኳ አልተፋቀም። እንግዲያው ይኼው ይሁን፣ ተሸነፍኩ ብዬ፣ ክንዱ አይቶ ይፍረድ ብዬ ወሰድኩለት።

ክንዱ ዓይኑ ላይ ማጉያውን ሰክቶ መርፌውን ብዙ አየው። ከዚያ ይህ የጥንቱ መርፌ አይደለም፣ ይህ ዓይነቱ ከመጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው አለኝ። ቺንጋውም ተቀይሯል። አዲሱ መርፌ ደግሞ ራሱ አልቋል፤ አንድ ወገኑ ተበልቷል። ባለቤቱ ምን ምን ሸክላ አላቸው ብሎ ጠየቀኝ። አንድም የላቸውም አልኩት። «ያለ ሸክላማ መርፌ አያልቅም፣ እማማ» አለኝ።

እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ከፈትኩት። የዝማሬን ሸክላ ከነሽፋኑ አወጣሁ። ይከብዳል፣ ክብ ነገር አለበት። እጄን ሰድጄ ሳወጣው ካርቶን! የብስኩት ካርቶን በመቀስ ክብ ተቆርጦ፣ እንዳይሳሳ ሁለት ተደርቦ ተጣብቆ፣ መሃሉ እንኳ ተበስቶ! ሃያ ሁለት ዓመት ካርቶን ጠብቄ ኖርኩ። ለካርቶን ብዬ አይጥ አባረርኩ፣ ቤት ሲያፈስ ፕላስቲክ አለበስኩት።

ሌባ! ሽማግሌዎቹን እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ጉልበታቸውን ስስም፣ አንተ ጓዳ ገብተህ ካርቶን ስትቆርጥ ነበር? በኔ ላይ በሩን ዘግተህ፣ ኃጢአት ነው ብለህ፣ ከዚያ ብቻህን ቁጭ ብለህ መርፌ እስኪያልቅ? አንድ ቀን እንኳ ነይ አብረን እንስማት ማለት ምን ነበረበት? ጮህኩ፤ ጎረቤቴ ትዕግስት ደንግጣ መጣች። ካርቶኑን ሳሳያት ሳቅ አመለጣት፤ እኔም ሳቅኩ። ከሳቁ በኋላ የመጣብኝን አልጽፍልህም።

በማግስቱ አምሳልን ስልክህን ስጪኝ አልኳት። ልሰድብህ ነበር። ልጅቱ አቀረቀረች። ስልክህን ከዘጋህ ዓመት እንዳለፈህ፣ ከኋላህ ቢጠሩህ እንደማትዞር፣ የሚነግሩህን በደብተር እየጻፉ እንደሚያስነብቡህ ነገረችኝ። ማንም እንዳይነግረኝ አስምለሃታል አሉ። እንግዲህ ማጫወቻውን ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ለምን እንደለቀቅከው ገባኝ፤ ደብዳቤ መጻፌም ለዚሁ ነው።

አሁን ስማኝ፣ ማለቴ አንብበኝ። ማጫወቻህን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አምሳል ትመልስልሃለች። አልፈልገውም። ያለቀ መርፌ ይዞ የዝማሬን ሸክላ የሚነካ ነገር እኔ ቤት አይገባም። ጥቁሩን ገዝቻለሁ፤ ክንዱ መጥቶ አስተካክሎ ገጥሞልኛል፤ በሌላ ሸክላ ሞክሬዋለሁ፣ እንደ ውሃ ነው። ሰው ምን ይላል ካልክ፣ ብሏል፤ «አሮጊቷ ዘፈን ከፈተች» ብሏል። ይበል።

የአያ ወልደ ዮሐንስ ፍርድ ይጽና፤ እኔ አላፈርሰውም። ማጫወቻው ያንተ ነው፤ ሸክላው፣ አንድ ሳይጎድል፣ የኔ ነው። መልሰው! በአምሳል እንዳትልከው፤ ሚኒባስ ላይ ይሰበራል። ራስህ፣ በእጅህ፣ አቁመህ ይዘህ ና። እንዳታጥበው፣ እንዳትወለውለው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ። ሽማግሌ ይዘህ ብትመጣ በር አልከፍትም፤ አንታረቅም፣ ዕርቅም አልጠየቅኩህም። ይቅርታም ጽፈህ እንዳታመጣ።

ጆሮዬ አይሰማ፣ ምን ልሠራ እመጣለሁ እንዳትል። ሸክላው ሲጀምር እዚያው አጠገቤ ትቀመጣለህ። ከዘፈኑ የቱ ጋ ቀሚሷን ይዛ እንደምትሽከረከር፣ የቱ ጋ ዞሮባት ጭንህ ላይ ዘጭ እንደምትል አንድም አልረሳሁም፤ እዚያ እዚያ ሲደርስ እጅህን ጨበጥ አደርግልሃለሁ።

መንገዱን እመቤቴ ታቅናልህ። ጋቢህን እንዳትረሳ።

የልጅህ እናት