ወፍ የማይሞትበት መስታወት፦ የጋሽ ቆይ እስቲ የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቆይ እስቲ» እያለ የሚጠራቸው መስታወት ገጣሚ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በመስከረም ወር 1944 ዓ.ም. ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተወለዱ። እናታቸው «ይህ ልጅ ከማልቀሱ በፊት ዙሪያውን ቃኘ» ይሉ ነበር። እናት ያለችውን ማን ይከራከራል? በኋላ የታየው ጠባያቸውም እናታቸውን አላስዋሸም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ትምህርት አይጠሉም ነበር፤ ችግሩ ጥያቄያቸው ከደወሉ ጋር አለመስማማቱ ነው። አራተኛ ክፍል ሳሉ በሒሳብ ሰዓት በግድግዳው ሥር የሚጓዝ የጉንዳን ሰልፍ ያያሉ። ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነበረባቸውና እየዳኹ ተከተሉት። ሰልፉ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ ቢሮ ገብቶ፣ ዳይሬክተሩ በመሳቢያቸው ከደበቁት ብስኩት ላይ አበቃ። ቅጣቱ ከባድ ነበር። እሳቸው ግን በትምህርት ቤት ዘመናቸው መልሱን እስከ መጨረሻው ያገኙለት ጥያቄ ይህ ብቻ እንደሆነ በኩራት ያወሩ ነበር።

በ1960 ዓ.ም. ከአንድ አንጋፋ መስታወት ገጣሚ ዘንድ ተቀጠሩ። አንጋፋው የሚያስተምሩት ሁለት ነገር ነበር። መስታወት በጆሮ ይቆረጣል፤ መቁረጫው ሲሄድ ድምፁ ካልተቆራረጠ መስመሩ ቀና ነው። ተገጥሞ ሲያልቅ ደግሞ ባለቤቱ የመስታወቱን መኖር በእጁ ዳስሶ እስኪያረጋግጥ ድረስ ይወለወላል። ተማሪው ሁለቱንም አጥብቀው ያዙ። በ1967 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ሲከፍቱ፣ እሳቸው የወለወሉት በር ክፍት መስሏቸው በግንባራቸው የገጩት ደንበኞች ጥቂት አልነበሩም፤ ይህም እንደ ሙገሳ ይቆጠርላቸው ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ዛፍ በበዛበት ግቢ ለሚኖሩ አንዲት ነርስ ሰፊ መስኮት ገጠሙ። ብዙም ሳይቆይ ነርሷ ከመስኮቱ ጋር ተጋጭታ የወደቀች ወፍ በመሐረብ ጠቅልለው ከሱቁ ደረሱና «መስኮትዎን ይውሰዱት፤ ወፏን ይመልሱልኝ» አሏቸው። እሳቸውም «ቆይ እስቲ» ብለው ሲያዩ ወፏ ትተነፍሳለች። የስቱኮ ካርቶን ጎኑን በሳስተው አስገቧት፤ ጨለማና ጸጥታ ይሻላታል ብለውም ከመደርደሪያው ሥር አኖሯት። ነርሷ መጨረሻውን ሳላይ አልሄድም አሉ። ወፏ አልቸኮለችም፤ ሁለቱም አልቸኮሉም። አመሻሹ ላይ ካርቶኑ ሲከፈት ወፏ በረረች፤ ጨዋታው ግን ቀጠለ።

በማግስቱ እዚያ ግቢ ሄደው፣ ወፏ ከተነሣችበት ዛፍ ሥር ቆመው መስኮቱን ተመለከቱ። ያዩት ግን መስኮት ሳይሆን ዛፍና ሰማይ ነበር። ወፏን ያሳሳታት እሳቸው የሚኮሩበት ጽዳት ነው። ይህን ማወቃቸው በጣም አሳዘናቸው። ከዚያ በኋላ ከመስኮቱ በውጭ በኩል ሲባጎ ከላይ እስከ ታች አንጠለጠሉ፤ አራርቀው ሞከሩ፣ አቀራርበው ሞከሩ፣ በመጨረሻ በመዳፍ ስፋት ልዩነት ሲሆን ወፎቹ አይተው እንደሚታጠፉ ደረሱበት። ነርሷን ለጋብቻ ሲጠይቁም «እኔ በገጠምኩት መስታወት ወፍ አይሞትም» ብለው ቃል ገቡ። የነርሷ ወንድም «ሌላው ለሚስቱ ቃል ይገባል፤ ያንቺው ለወፍ ገባ» ብለው ቢቀልዱም ጋብቻው በ1970 ዓ.ም. ተፈጸመ። በ1972 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን፣ በ1976 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን ወለዱ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉን መመለስ አልተቻለም። ደንበኛው «ጥርት ያለ መስታወት አስገጥሜ ሲባጎ ላንጠልጥልበት?» ብሎ ሲያኮርፍ፣ እጁን ይዘው ወደ ግቢው ያወጡትና «ቆይ እስቲ፣ ለአፍታ ወፍ ሁን» ይሉታል። አብዛኛው ሰው ጎረቤት እያየው ወፍ ሆኖ መቆም ስለሚያሳፍረው ቶሎ ይስማማ ነበር። በሱቃቸው ከፊት ጆሮዋ የተቀደደ ድመት፣ ከኋላ የወፎቹ ካርቶን ይኖር ነበር። ድመቷ እንዳይርባት ከምሳቸው ግማሹን ይሰጧት ስለነበር እሷ ስትወፍር እሳቸው ቀጠኑ። የመስኮት ክፈፍ ውስጥ ንብ ሰፍሮ ካገኙም ሥራውን አቁመው፣ ንቦቹ እስኪለቁ ድረስ መስታወት ያልገባበትን ክፍት ቦታ በላስቲክ ሸፍነው ይሄዱ ነበር።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከሱቃቸው ፊት ለፊት ለተሠራው ፎቅ፣ ሙያቸውን ከወረሰችው ሴት ልጃቸው ጋር ሆነው መስታወት ገጠሙ። ሲባጎም አብሮ እንዲንጠለጠል ከባለፎቁ ጋር ተስማምተው ነበር። በምረቃው ዋዜማ ግን ባለፎቁ የሕንፃውን መልክ አበላሸ ብለው ሲባጎውን አስቆረጡት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ባለፎቁ በሚቆሙበት በውስጥ በኩል ወፍ አይወድቅም። ከዚያ ወዲህ፣ በተለይ ወፎች አገር በሚለውጡበት ወቅት፣ ጋሽ ቆይ እስቲ በየማለዳው ካርቶን ይዘው መንገዱን ይሻገሩ ነበር። በሕይወት ያለውን ያስታምማሉ፤ የሞተውን ይቀብራሉ። ባለፎቁን ባገኟቸው ቁጥር ይለምኗቸዋል፤ መልሱ «እናስብበታለን» ነበር። ቃላቸው ዓይናቸው እያየ መፍረሱ ያንገበግባቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ። አልጋ ሲይዙ ካርቶኑን ተረክበው መንገዱን የሚሻገሩት ባለቤታቸው ሆኑ። «ዛሬስ ስንት ወደቀ?» ሲሏቸው «አንድም» ይሏቸዋል። ባለፈው እሑድም በምሳ ሰዓት «አንድም» ብለው አፋቸውን ሳይዘጉ፣ ከኩሽና ካርቶኑ ውስጥ ወፍ ጮኸች። ባለቤታቸው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። በሽተኛው ግን «አምጪያት እስቲ» ብቻ አሉ። ጉሮሮዋ ቢጫ፣ ከዓይኗ በላይ ነጭ መስመር ያላት ትንሽ ወፍ ናት። ትኩር ብለው አዩዋትና «ይቺን አይቻት አላውቅም» አሉ፤ ከስንት ወር በኋላ ፊታቸው በደስታ በራ። መስኮቱ ተከፍቶላት ስትወጣ «ከየት መጥታ ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ከቤተሰቡ የሚያውቅ አልነበረም። ቀጥለውም የባለቤታቸውን እጅ ያዙና «ቃሌን አልጠበቅሁልሽም» አሉ። ባለቤታቸውም «አላፈረስከውም፤ አልጨረስከውም እንጂ» አሏቸው።

ማክሰኞ ጥቅምት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ ታናሽ እህታቸውና አንዲት በጣም ወፍራም ድመት ሐዘን ላይ ናቸው።

ባለፎቁ ዛሬ ከሸኚዎቹ መካከል ናቸው፤ ስለ መምጣታቸው ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ባለቤታቸው አንድ ጥያቄ እንዲነበብላቸው አዘዋል፤ ጥያቄውም ያው የድሮው ነው። ሲባጎው በልኩ ተቆርጦ ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል፤ መሰላሉም አለ፤ ሴት ልጃቸውም ነገ ማለዳ ሌላ ሥራ አልያዘችም። የቀረው የባለፎቁ «እሺ» ብቻ ነው።

ፈጣሪ የደጉን ሰው ነፍስ ከደጋጎቹ መካከል ያኑርልን፤ እዚህ ጠይቀው ያልተመለሰላቸውንም ሁሉ እዚያ ይንገርልን።