ላልተወለደች ሞግዚት የተቆለፈው ስምንተኛ ትምህርት

ለተከበሩ የሕፃናት ማቆያዎች ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ኢንተርኔትዎም የማይቋረጥ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከአንድ ጭንቀት በቀር ደኅና ነኝ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት በሰፈራችን የሚናፈሰውንና ምናልባትም ቢሮዎ የደረሰውን ወሬ ላርም። የቀይ በሩ ቤት ሞግዚት የኦንላይን ሥልጠናውን አልወስድም ብላ ስልኳን በንዴት ሳፋ ውስጥ ወረወረችው ተብሏል። ስልኩ ሳፋ ውስጥ መግባቱ እውነት ነው። የከተተው ግን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነው፤ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ይህ ጨዋ ሰው፣ እጅ ሳይታጠቡ ዕቃ አይነካም ብዬ ስላስተማርሁት ዕቃውንም ጨምሮ አጠበልኝ። ስልኩ ፀሐይ ላይ ውሎ ነፍስ ዘርቷል። ሥልጠናውንም እምቢ አላልሁም፤ እንዲያውም የሰፈሩን ሞግዚቶች ሁሉ ቢያሰልፉ ከእኔ አብልጣ የምትፈልገው አያገኙም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በቤቴ አራት ሕፃናት ይውላሉ፤ ከሁሉ የምታንሰው የአውቶቡስ ትኬት ቆራጯ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ተነሣባትና እቅፌ ውስጥ እንዳለች ዓይኗ ተገለበጠ፤ ሰውነቷ ግትር ብሎ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኩያዬ የሆነችው ጎረቤቴ ሮጣ መጥታ ማንኪያ ጥርሷ መሀል አስገቢ ትለኛለች፤ ባሏ ከአጥር ማዶ ኧረ ውሃ አፍስሱባት እያለ ይጮኻል፤ እኔ ደግሞ ይህን ያህል ዘመን የሰው ልጅ ያሳደግሁ ሴት፣ የትኛውን እንደምሰማ ጠፍቶኝ ስሟን እየጠራሁ ቆምሁ። መንቀጥቀጡ በራሱ ጊዜ ተወት አደረጋት። እናቷ ጤና ጣቢያ የተነገራትን ሁሉ ድንጋጤው አስረስቷት፣ በአእምሮዋ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሊመለስባት ይችላል። ሲመለስ ምን እንደማደርግ ለመጠየቅ ማምሻውን እዚያው ብሄድ፣ ነርሷ በትሕትና፣ እናንተ ሞግዚቶች እኮ በኦንላይን ሥልጠናችሁ ታገኙታላችሁ ብላ ሸኘችኝ።

እውነቷን ነው፤ ትምህርቱ አለ። በሥልጠናው መግቢያ ገጽ ላይ ርዕሱ በጉልህ ተጽፏል፦ ስምንተኛ ትምህርት፣ ሕፃን በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ምን እናድርግ። ከጎኑ ትንሽ ጓጉንቸር ተሥሏል። ጓጉንቸሩ የሚከፈተው ለተመዘገበ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ መመዝገብ አልቻልሁም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዕድሜዬን ስለቀነሱልኝ አመሰግናለሁ። ገጹ የትውልድ ዓመትዎን ይምረጡ ይላል፤ ዝርዝሩ ግን ወደ ኋላ ሄዶ ሄዶ የሚያበቃው፣ እኔ አራተኛ ክፍል ሆኜ የማባዛት ሠንጠረዥ በቃሌ በምወጣበት ዓመት ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ጣቴ እስኪዝል ብገፋው ንቅንቅ አይልም፤ ዓመት ሳይመርጡ ማለፍም አይቻልም። መሥሪያ ቤትዎ ከእናቴ ምጥ የሚበልጥ ሥልጣን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፣ ለጸሐፊዎ ምክር አመሰግናለሁ። ሕፃናቱ ባልመጡበት ቀን፣ ሊፍቱ ስለማይሠራ በየፎቁ እያረፍሁ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ወጣቱ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ ማዘር ምን ያካብዳሉ፣ ደስ ያለዎትን ዓመት ነካ አድርገው ይለፉ፣ ማን ያይዎታል አለኝ። እናቱ አለመሆኔን ለጊዜው እንለፈው። ከገጹ ግርጌ ግን የሰጠሁት መረጃ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ፈቃዴ እንዲሰረዝ ተስማምቻለሁ የሚል ዐረፍተ ነገር አለ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተመዘገብሁም ፈቃዴ ይሰረዛል። ብዋሽም እሰረዛለሁ፣ ባልዋሽም እሰረዛለሁ። እኔን ያስተማሩኝ መምህራን ሐሰት ለጻፈ ጣት አለንጋ ነበራቸው፤ ጣቶቼም እስከ ዛሬ አልረሱትም። የሆነ ሆኖ ወጣቱን አልወቅሰውም፤ ዓመቱን ማስተካከል የሚችሉት እርስዎ ብቻ እንደሆኑ የነገረኝ እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ የቢሮዎ የስልክ መስመር ሲደወልለት፣ ችግር ካለብዎ አካውንትዎ ውስጥ ገብተው ይጻፉልን ይላል። ችግሬ መግባት አለመቻሌ ነው። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

አራተኛ፣ ደንብዎ ሞግዚት በሥራ ሰዓት ከሕፃናቱ እንዳትለይ ያዛል፤ ትክክል ነው። የቢሮዎ በር ደግሞ ባለጉዳይ በሥራ ሰዓት በአካል ይቅረብ፣ ሕፃናትን ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላል። ሁለቱን የጻፈው አንድ ሰው ከሆነ፣ ዕረፍት እንዲሰጠው አደራ እላለሁ።

አሁን ምስጋናውን ላቁም። ያቺ ትኬት ቆራጭ እንደ ቀድሞዋ ልጇን ስማ ወደ ሥራዋ አትሮጥም። በሩ ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ያውቃሉ አይደል እትዬ፣ ቢነሣባት ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ አይደል ትለኛለች። እኔም አዎ ልጄ፣ ሂጂ እላታለሁ፤ ብትቀር ከሥራ ያባርሯታልና። በእርስዎ ገጽ ላይ አንዲት ዓመት አልዋሽም ያልሁት ሴት፣ በየጠዋቱ ለአንዲት እናት ፊት ለፊት እዋሻለሁ። ይህን ከእንግዲህ መቀጠል አልችልም፤ ጅብ ከሄደ በኋላ ለሚጮኸው ውሻም ጊዜ የለኝም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ከሁሉ በፊት የማደርገውን ላስታውቅዎ። ሕፃናቱን እቀበልና የትንሿን ግንባር በእጄ ጀርባ እዳስሳለሁ። ዳይፐሩን፣ ጡጦውንና ቅያሪ ልብሱን በዘንቢል እከታለሁ፤ ፖፖውንም አልረሳም። የልደት ምስክር ወረቀቴን ከሣጥን አወጣለሁ። የልብስ ሰፊዋን ልጅ እጅ አጥባለሁ። ትንሿን አዝዬ፣ ሦስቱን ገመድ አስይዤ፣ የወላጆቻቸው ፈቃድ በእጄ ሆኖ፣ ደረጃዎን በየፎቁ እያረፍን እንወጣለን። በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ከሕፃናቱ መካከል ማንበብ የሚችል የለም፤ እኔም ለነገ ማንበብ አቆማለሁ።

በዝርዝርዎ መሠረት ገና ያልተወለድሁት፣ በሥራዬ ግን ያረጀሁት፣ ለመማር የቸኮልሁ ተማሪዎ፣
የቀይ በሩ ቤት ሞግዚት

ማሳሰቢያ፦ ትንሿ እርስዎ ጠረጴዛ ፊት ሳለች ትኩሳቱ ቢነሣባት፣ ከሁለታችን ስምንተኛውን ትምህርት መክፈት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። እስክንመጣ ድረስ እንዲያነቡት በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።