ጠቅ የምትለው ናሙና

ሰኞ፣ ማርች 3

ዛሬም የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ የቬፕ ቁልፍ ስጫን ዋልኩ። አውራ ጣቴ ደንዝዟል። ሥራዬ ይኸው ነው... መጫን፣ መስማት፣ ይኼ ይለፍ፣ ይኼ ይውደቅ ማለት። እዚህ ሼንዘን፣ ሻጂንግ ሰፈር ግማሹ ሰው በቬፕ ነው የሚኖረው፤ እንዲያም ሆኖ ቁልፍ እየተጫንኩ ደመወዝ እንደምበላ ስነግራቸው ይስቃሉ።

ደንበኛው የፈቀደው ናሙና የእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ታሽጎ የተሰጠኝ ከረጢት ላይ የእኔ ፊርማ አለበት። ከማምረቻው መስመር የሚወጣው ሁሉ ከእሱ ጋር እየተመሳከረ ያልፋል። ቁልፉ ሲጫኑት... እንዴት ልበለው? መጀመሪያ ትንሽ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ጠቅ። ጥርት ያለ። እኔ አላጨስም፣ ግን ደስ ይለኛል። ኢንጂነር ፓንግ ሲጋራ ያቆመው በዚህ ነው። "የናፈቀኝ የላይተሩ ጠቅታ ነበር እንጂ ጭሱ አይደለም እኮ" ይላል።

ሩይሊን ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ምዝገባው ኤፕሪል መጨረሻ ነው። ፋብሪካው የሚከፍልልኝ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ እስከዚያ ካልተቋረጠ ልጄ እዚሁ ሼንዘን ትማራለች። ከተቋረጠ አገር ቤት ሁናን፣ አያቷ ጋ። እናቷን በዓመት አንዴ እያየች... እኔ እንዳደግኩት። አይሆንም!

ሐሙስ፣ ማርች 6

እናቴ ደወለች። "ላኪያት በቃ። ብቻሽን ምን ታንገላቻታለሽ? አባቷ እንደሆነ ሄዷል።" እሷ ስትናገር እኔ መሳቢያውን ከፍቼ ናሙናውን ጠቅ፣ ጠቅ። ከረጢቱን መቼ እንደከፈትኩት እንኳ አላስታውስም። ጃንዋሪ ላይ ከነበረው የአዲስ ዓመት በዓል በፊት ይመስለኛል። ብቻ ልቤን ያሳርፈዋል።

ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ፓንግ ባለፈ ቁጥር ይጫነዋል። የሽያጭ ክፍሏ ሎንግ ሻይዋን ይዛ መጥታ "እስቲ ያቺን ከረሜላ አቀብዪኝ" ትላለች። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ማንም ግድ የለውም፤ ጣት ጭስ አይጠይቅም።

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ለደንበኛው የላክነው ዕቃ ተመለሰ። ሙሉው።

ደንበኛው "ቁልፉ ልምሽ ብሏል፣ ጭቃ ውስጥ ጣቴን የከተትኩ ነው የመሰለኝ" አለ። ሳቅን። እንዴት ተደርጎ? ሁሉም ከናሙናው ጋር ልክ ነው...

ከሰዓት በኋላ እሱ ዘንድ የተቀመጠውን መንትያውን ናሙና ይዞ መጣ። ተጫንኩት። ጠቅ። ከዚያ የእኛን። ወይኔ።

የእኛው ላሽቋል። ሁላችንም ስንጫነው፣ ስንጫነው፣ ጨርሰነዋል። ትንሽ በትንሽ ስለሆነ ጣቴም አብሮት ለመደ። ጠንከር ያለ ሲመጣ "ከናሙናው ይለያል" እያልኩ ስጥል የነበርኩት እኔ። ከቁልፉ ሥር ያለችውን፣ ጠቅ የምታሰኘውን ቆርቆሮ እንዲያሳሱ ያዘዝኩትም እኔው። ደህናውን እየጣልኩ የተበላሸውን አሳለፍኩ።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ስብሰባ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ታን የተከፈተውን ከረጢት አንጠልጥሎ ያዘ።

"ማነው ይሄን የከፈተው?"

ፓንግ ጠረጴዛውን ያያል። ሎንግ ስልኳን።

"ፊርማው የማነው?"

"የእኔ ነው።"

"አምነንሽ ብንሰጥሽ መጫወቻ አደረግሽው?"

ምን ልበል? ሁላችሁም ተጫውታችኋል ልበል? ብናገርስ... እኔው ነኝ የከፈትኩት።

ፓንግ ደረጃው ላይ ደረሰብኝ። "እህቴ፣ አትቀየሚኝ። የእኔም መንታዎች ዘንድሮ ነው የሚመዘገቡት" አለኝ። ልሰድበው ነበር። እሱ ቦታ ብሆን እኔስ እናገር ነበር? አልናገርም።

ከሥራ ተባረርኩ፤ መዋጮው በዚህ ወር ይቆማል።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

አሁንም ሥራ የለም። የሄድኩበት ፋብሪካ ሁሉ አፍ ላይ አድርገው ሲስቡት ራሱ የሚበራውን ቬፕ ነው የሚሠራው። ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም። የቅጥር ክፍሏ ልጅ ወረቀቴን አይታ "ታዲያ አንቺ እኛ ጋ ምን ትጫኛለሽ?" አለችኝ። ክፋት የላትም፣ እውነቷን ነው። በቀን ሂሳብ የሚያሠራ አንድ ቦታ አገኘሁ፤ መዋጮ ግን አይከፍሉም። መዋጮ ከሌለ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

ሩይሊንን ምንም አላልኳትም። ጠዋት ጠዋት የድሮ የሥራ ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መዋዕለ ሕፃናት አደርሳታለሁ። ከዚያ ስዞር እውላለሁ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 21

ምዝገባው ተከፈተ። ስልኬ ላይ የመታወቂያ ቁጥሬን አስገባሁ። "መዋጮዎ ተቋርጧል" አለኝ። ደጋግሜ አስገባሁ። ያው።

ለሩይሊን "ትምህርት ቤቱ ሞልቷል" አልኳት። "እኔ ቀጭን ነኝ እኮ፣ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ" አለች። ሽንት ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 28

እናቴ ልትወስዳት መጣች። ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኋቸው። እናቴ አላየችኝም፣ ሆን ብላ ነው። ሩይሊን ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ራሷ ተሸከመች። መግቢያው ላይ እጇን አልለቅ ብዬ ስቆም ሰዓቱን ቀና ብላ አየችና፦

"እማዬ፣ ሂጂ በቃ። ሥራ ይረፍድብሻል፣ አለቃሽ ይቆጣሻል።"

"እሺ" አልኳት።

እያየችኝ ስለነበር እንደሚቸኩል ሰው እየተራመድኩ ሄድኩላት።