ሲሞን ወተቱን ጠጥቷል

ለክቡር አቶ ዘርዓብሩክ
የእርሻ ሠራተኞች ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቸርችል ጎዳና፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሳንባዎ ንጹሕ፣ እጅዎ የማይንቀጠቀጥ፣ አፍዎም አረፋ የማይደፍቅ ሆኖ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል እንዳይመስልዎት፤ አንድ ጎልማሳ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ሲያጣ በዓይኔ ስላየሁ፣ ለክቡርነትዎ የምመኘው ጤና ምን እንደሆነ አውቄ ነው።

እኔ ተክለሃይማኖት እባላለሁ፤ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ልብስ ስሰፋ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የልጄ የጽዮን ባል ሲሞን፣ ተቆጣጣሪዎችዎ እየጎበኙ በሚያመሰግኑት አንድ የቲማቲም እርሻ ውስጥ የፀረ ተባይ መርዝ ረጪ ነበር። ሞቷል። ጽሕፈት ቤትዎ ጉዳዩን መርምሮ በማኅተም የላከልን ውሳኔ ግን «ሞቷል» የሚለውን ቃል አይወድም፤ «ሠራተኛው ድርጅቱ ለመርዝ መከላከያ የሚሰጠውን ወተት ባለመጠጣትና ወደ ቤቱ በመውሰድ ባሳየው ቸልተኝነት ለጉዳት ተዳርጓል» ይላል። ስለ አጻጻፉ ጥራት ሳላመሰግን አላልፍም። ሬሳ ተሸክሞ ልብሱ ያልቆሸሸ ዓረፍተ ነገር ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቁጥር እንደምትወዱ ስለማውቅ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በቅድሚያ ስለ ወተቱ አመሰግናለሁ። እርሻው ለረጪዎቹ የአፍንጫ መሸፈኛ አይሰጥም፣ ጓንት አይሰጥም፣ ቦት ጫማ አይሰጥም፤ መርዝ በሚረጭበት ቀን ግን ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጣል። ተቆጣጣሪዎችዎም ወተቱን አይተው፣ ምናልባትም ቀምሰው፣ «መከላከያ ተሟልቷል» ብለው ፈርመዋል። ሲሞን አፍንጫውን በሚስቱ ሻሽ ያስር ነበር። በጀርባው የሚያዝለው የመርጫ ፓምፕ ከታች ስለሚያንጠባጥብ ሸሚዙ ከገላው ጋር ተጣብቆ ይውላል፤ ማታ ሲያወልቀው ቆዳው አብሮ እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጣል። የሚረጨው ምን እንደሆነም አያውቅም ነበር፤ በጠርሙሱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተልጦ ስለሚመጣ ሠራተኞቹ «ባለ ቀዩ ክዳን» ነው የሚሉት። ወተቱንስ? የጽዮን ጡት ስለደረቀ፣ ለሕፃን ልጁ ለሊያ በሃይላንድ ፕላስቲክ እየያዘ ይገባ ነበር። ቸልተኝነት ያላችሁት እንግዲህ ይህን ነው። እኔ አባትነት እለው ነበር፤ አልተማርኩምና ይቅር ይበሉኝ።

፪ኛ. ቀጥሎ በእርሻው ስላለው የመጀመሪያ ሕክምና አመሰግናለሁ። የሆነውን የነገረኝ አብሮት ይረጭ የነበረው ኑሪ ነው። ነፋሱ ዞሮ መርዙን ፊቱ ላይ ሲመልስበት ሲሞን በቲማቲም መደቦቹ መካከል ወደቀ፤ እግሩ መሬቱን ይደበድብ፣ ዓይኑ ይገለበጥ ጀመር። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ሮጦ መጣና መኪና ሳይሆን ወተት ጠራ። አንዱ ደረቱ ላይ እንዲቀመጥበት፣ ሌላው ጭንቅላቱን እንዲይዝ አዘዘ፤ መንጋጋው አልላቀቅ ሲል በማንኪያ እጀታ ፈለቀቁት፣ የፊት ጥርሱም ተሰበረ። ከዚያ አንቆረቆሩበት። ካቦው ከላይ ቆሞ «ጋቱት! እስከ ዛሬ ለሚስቱ ያመላለሰውን ሁሉ ጋቱት!» ይል ነበር። ወተቱ ከደም ጋር ተቀላቅሎ በአፍንጫው ሲወጣ «ሠራለት፣ መርዙን እያወጣው ነው» ተባለ። ኑሪ ይህን ሲነግረኝ ቀና ብሎ አላየኝም። «አባባ፣ እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እንደ በግ ነው የያዝነው» አለኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በውሳኔዎ ላይ ትንሽ ስህተት አለ። ሲሞን ወተቱን ጠጥቷል።

፫ኛ. ስለ ትራንስፖርቱም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ አንድ አይሱዙ ቲማቲም ጭኖ ቆሞ ስለነበር፣ ሲሞንን በሣጥኖቹ ላይ አጋደሙትና ኑሪ ደግፎት መጣ። ኑሪ በስልክ ጠርቶኝ አትክልት ተራ ስደርስ መኪናው ቀድሞኝ ገብቷል። ወዛደሮቹ ቲማቲሙን እያወረዱ ነበር። ነጋዴው በፀሐይ ይበላሽብኛል ስላለ ሣጥኖቹ ሳይወርዱ መኪናው ወደ ሆስፒታል አይንቀሳቀስም ተባለ። በዱላዬ የመኪናውን መስታወት ሰበርኩት፤ ሹፌሩንም መታሁት፤ ይህን ወንጀል በዚሁ አጋጣሚ ለመንግሥት አሳውቃለሁ፣ ደግሞም አልጸጸትም። ያን ጊዜ ነው መኪናው የተንቀሳቀሰው። የሲሞን ራስ ጭኔ ላይ ነበር፤ የሸሚዙ ኮሌታ በወተት ደርቆ እንደ ካርቶን ቆሟል። የተራገፈው ቲማቲም ለከተማው ተከፋፍሏልና፣ ያን ሰሞን በቸርችል ጎዳና ምግብ ቤቶች ሰላጣ በልተው ከሆነ ይጣፍጥዎት።

ሐኪሙ ማርከሻውን ለመምረጥ የመርዙን ስም ጠየቀ። «ባለ ቀዩ ክዳን» አልነው። ወደ እርሻው ተደወለ፤ ስሙን የሚያውቀው የእርሻው ቢሮ ሰው ምሳ ወጥቷል ተባለ። ሰውየው ምሳውን ሳይጨርስ ሲሞን ጨረሰ።

፬ኛ. በመጨረሻም ለራሳችሁ ስለምታደርጉት ጥንቃቄ። በውሳኔው ላይ አቤት ለማለት የሕንፃዎን ደረጃ ቁና ቁና እየተነፈስኩ ወጥቼ ነበር። በሩ ተዘግቶ «በቀለም ቅብ ምክንያት የሠራተኞችን ጤንነት ለመጠበቅ ሲባል አገልግሎት ለአንድ ሳምንት ተቋርጧል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ዘበኛው መልካም ሰው ነው፤ «አባባ፣ እዚህ አይቁሙ፣ ሽታው ሰው ይጎዳል» ብሎ ክንዴን ይዞ አወረደኝ። ስለ ሰው ሳንባ የሚጨነቅ አንድ ሰው ከጽሕፈት ቤትዎ አገኘሁ፤ እሱም በር ጠባቂ ነው። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፦ ለቀለሙ ወተት አልጠጣችሁም እንዴ?

አምስተኛ ምስጋና የለኝም፤ በአምስተኛው ቦታ ያለችው ልጄ ናት።

ጽዮን ውሳኔያችሁን አምናለች። ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ ትላለች፤ «መድኃኒቱን ከአፉ ነጥቄ ለልጄ ሰጠሁ» ትላለች። በቤቴ ወተት የሚባል ነገር ሲገባ ጣሳውን ከእጃችን ነጥቃ ግድግዳው ላይ ትወረውራለች፤ ሊያ ስታለቅስ የራሷን ጆሮ ይዛ የራሷን ግንባር ከበሩ መቃን ጋር ታጋጫለች። ባለፈው ቅዳሜ የልብስ መቀሴን ከእጇ የቀማኋት ከደረቷ ላይ ነው፤ በጡቷ ነበር የጀመረችው። ሐኪሙ ራሱ ወተት ይህን መርዝ እንደማይመልስ፣ ሲሞንንም በግድ የተጋተው ወተት ሳንባው ገብቶ እንደ ጎዳው ነግሯታል። እኔም ነግሬአታለሁ፤ ጮኼባታለሁ። የምትመልስልኝ አንድ ነው፦ «አባዬ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዋሻል እንዴ?»

እኔ ይዋሻል እላለሁ። እሷ ግን ትምህርት ቤት ያስገባኋት ስለሆነች ማኅተም ታከብራለች።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው ካሳ አይደለም። እርሻው እንዲዘጋ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል፣ እንደማያደርጉትም አውቃለሁ። የምፈልገው ያው ማኅተም ያረፈበት አንድ መስመር ነው፦ «ወተት መርዝ አይከላከልም፤ ሲሞን የሞተው ልጁ ወተት ስለጠጣች አይደለም።» ይህን ብትጽፉ በየእርሻው ወተት እየተሰጣቸው ራቁታቸውን መርዝ ውስጥ የሚገቡት ሰዎች ምን ይላሉ ብላችሁ እንደምትፈሩ ይገባኛል። ፍርሃታችሁን አከብራለሁ። እኔ የምፈራው መቀሱን ነው።

ውድ ጊዜዎን በአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ጉዳይ ስለ ያዝኩብዎ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለአዲሱ የግድግዳ ቀለምዎ ብሩህነት፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለብዕርዎም ንጽሕና ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እገልጻለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ የአንዲት መበለት አባት፣
ተክለሃይማኖት
ከአራዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እስከ ሰኞ ጠዋት ያቺ መስመር ካልደረሰችኝ የሲሞንን ፓምፕ በጀርባዬ አዝዬ ደረጃውን እወጣለሁ። ኑሪ አምጥቶልኛል፤ ዛሬም ከታች ያንጠባጥባል። ከመጋረጃው እስከ ምንጣፉ፣ ከወንበርዎ እስከ ከረባትዎ ድረስ እረጨዋለሁ። እንዳይሰጉ፣ ለእያንዳንዳችሁ ግማሽ ሊትር ወተት ይዤ እመጣለሁ፤ በሩንም አልዘጋም። ጽዮንን ከታች፣ ከሕንፃው መግቢያ ፊት ለፊት አቆማታለሁ። ወተታችሁን እየጠጣችሁ በየጠረጴዛችሁ ከተቀመጣችሁ ውሳኔያችሁ እውነት ነው፤ እኔም በቸርችል ጎዳና መካከል ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እየተረጋገጣችሁ ከወረዳችሁ ግን የለመንኳትን መስመር በእግራችሁ ጽፋችሁላታል ማለት ነው። በፓምፑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እንዳይጠይቁኝ። ለሲሞንም አልተነገረውም።