የናሂድ አንድ መውጫ

ቅዳሜ

ዛሬ ቢሮ ውስጥ ለናሂድ አጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ!

ለክሊኒኮች የምንሠራውን ኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከመጀመሪያው የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ትናንት የመጣች ናት። በእኔ ኮድ አንድ ነገር መሐል ላይ ሲበላሽ የተያዘውን ሜሞሪ መልቀቅ፣ የተቆለፈውን መክፈት፣ ሁሉም በየቦታው ለየብቻ ተጽፏል። አንዱ ከተረሳ ማሽኑ ድርቅ ይላል። ናሂድ ሁሉንም ወደ አንድ መውጫ ሰበሰበችው። የትም ይበላሽ የት፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ይጸዳል። የስህተት ቁጥሮቹንም አንድ አደረገች፤ ከእንግዲህ ዜሮ ማለት በየትም ቦታ «ተሳክቷል» ነው።

አለቃችን ኡስታዝ ዑስማን በሰው ፊት «አንቺ ሙና፣ ይሄ እንዴት እስከዛሬ አልታየሽም?» አለኝ።

ሥራዋ ማማሩ ነው የባሰ ያንገበገበኝ። ይህን በአማርኛ የምጽፈው እዚህ ካርቱም ቢሮ ውስጥ ማንም ስለማያነበው ነው።

እሑድ

የእሷን ስህተት ስፈልግ ዋልኩ። ሽቶዋ ሳይቀር አስጠላኝ።

አገኘሁ! ፍሎፒ ላይ የሚጽፈው የድሮ ኮዴ ዜሮ የሚመልሰው ሲያቅተው ነው። ናሂድ እሱን አልቀየረችውም። ስለዚህ ፍሎፒው ሲሞላ ሲስተሙ «ተሳክቷል» ይላል፤ የበሽተኛው መረጃ ግን የትም የለም።

ረቡዕ ሲስተሙን ሊገዙ ያሰቡት ሰዎች ይመጣሉ። የምታሳያቸው ናሂድ ናት። ዝም ብል ጉዷ ይፈላል።

ዝም አልኩ። ከቢሮው ሰፈር ከካርቱም ሁለት እስከ ቤቴ ሳጃና በእግሬ ስሄድ ፈገግ እያልኩ ነበር።

ሰኞ

ቁርስ ላይ እማዬ «ምነው ብቻሽን ትስቂያለሽ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ልጅቱ ምን አደረገችሽ?»

«ምንም።»

«እሺ፣ በሽተኛውስ ምን አደረገሽ?»

እማዬ ከወሎ መጥታ በሰው ቤት እየሠራች ነው ያሳደገችኝ። ክሊኒክ ሄዳ «ካርድሽ ጠፍቷል» እየተባለች ስንቴ ተመልሳለች። ዳቦውን አስቀምጬ ተነሳሁ።

ቢሮ ስገባ ናሂድ ከኡስታዝ ጋር እየሳቀች ነው። ነገ እነግራታለሁ አልኩ።

ማክሰኞ

ነገርኳት። በሩ ላይ ጠብቄ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ክው አለች። «ወላሂ፣ ያ ፋይል በደንብ አልገባኝም ነበር። እንዳልጠይቅሽ ፈራሁሽ። ሁሌ ተቆጥተሽ ነው የማይሽ።»

የድሮ ፋይሌን ከፈትኩላት።

አብረን አስተካከልነው። ከዚያ ሲስተሙ እየጻፈ ሳለ ፍሎፒውን አወጣነው። ማሽኑ አልደረቀም፤ «አልተጻፈም» የሚል መልእክት አወጣ። ሁለታችንም ጮኽን!

ወዲያው ሄዳ ለኡስታዝ «ሙና ባትደርስልኝ ነገ ጉድ እሆን ነበር» አለችው። እኔ ብሆን እንዲህ አልልም። አሁን ደግሞ በጥሩነቷ ቀናሁ።

ረቡዕ

ገዢዎቹ ወደዱት። ኢንሻላህ ይፈርማሉ። ናሂድን ከበው ሲያወሯት እኔ ዳር ላይ ቆሜ ኬብል ጠቀለልኩ።

ከሄዱ በኋላ ናሂድ ያልነካችውን የሜሞሪ ፋይሌን ከፍቼ በእሷ አሠራር እንደ አዲስ መጻፍ ጀመርኩ። ወንበሯን እየጎተተች መጣች።

«ያላ፣ ላግዝሽ?»

እምቢ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቅናቱ ይልቀቀኝ አይልቀቀኝ እንጃ። ብቻ ጠጋ አልኩላት።