በሥሩ አበባ ያለው ኩባያ

ደምበጫ፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለበሽር አብዱልቃኒ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ከአንተ ናፍቆት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። አባትህ ደህና ነው፣ እህትህ ቀድሪያ ደህና ናት፣ በቅሎዋም ደህና ናት። ያስተማርከኝን ፊደል ሳልረሳ በገዛ እጄ ነው የምጽፍልህ፤ መሳቅ ከፈለግህ ሳቅ፣ ግን አንብበው። ለጣሊያን ፖስታ አልሰጠሁትም። ነጋዴው የአስያ ባል ወደ ኤደን ወደብ ሲወርድ በጋቢው ጠርዝ ሰፍቶ ይዞልኛል፤ ስለዚህ ያሻኝን አወራሃለሁ።

ሣጥኑ ደርሷል! ከጅቡቲ በባቡር፣ ከአዲስ አበባ በካሚዮን፣ ከደብረ ማርቆስ በእኛው በቅሎ። ጭዱን ስንበረብር ስድስት ኩባያ ወጣ። ቆዳ ሸጬ እመለሳለሁ ብለህ ኤደን እንደወረድህ መንገዱ በጦርነት ሲዘጋብህ፣ በመርከብ ተሳፍሮ ኮፐንሃገን ከሚባል አገር ገባ ሲሉኝ ስንት አልቅሻለሁ። ኩባያዎቹን በእጄ ስይዝ ግን፣ ልጄ ደግ ሰዎች ዘንድ ነው አልኩ። ክፉ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም።

ገበያ ላይ ምንቸት የምትሸጠው የብርጓል ወሬውን ሰምታ መጣች። በጣቷ አንኳኳችው፣ ጎኑን በምላሷ ቀመሰችው።

«ጭቃውን ማን አቦካው?» አለችኝ።

«በሽር ነው የሚያቦካው። ጌታው አክሰል በእግሩ መንኮራኩር እያሽከረከረ በእጁ ያወጣዋል። ቀለም የምትቀባው ሚስቱ ኢንገር ናት።»

«እዚያ አገር ሸክላ ሠሪን ቡዳ አይሉትም?»

«እንዴት ብለው! ስማቸውን እየጠሩ ይገዟቸዋል እንጂ። ያውልሽ፣ ስማቸውን ራሱ በኩባያው ሥር ጽፈውታል።»

ገልብጣ ብዙ አየችው። ፊደል እንደማታውቅ ታውቃለህ። «እኔም ሳልታወቅ ቀርቼ አይደለም፤ ከሩቅ ሲያዩኝ ልጆቻቸውን ይሸፍናሉ» ብላ ሳቀች። ሳቋ አንጀቴን በላው። ለአክሰል ሰላምታ ልካለች፤ «ኩባያህ ጆሮ የለው፣ እጅ ሲይዘው ግን ያርፋል በይልኝ» ብላለች።

አሁን ወደ ጥፋታችሁ ልምጣ። ለክርስቲያን እንግዶቻችን የምናቀርብበት ዕቃ ለብቻው መሆኑን ነግረሃቸው፣ ሦስቱን በምልክት እንዲለዩልህ ለምነህ ነበር። ደግ አደረግህ። ግን ልጄ፣ ምልክት የሚደረገው ላይ ነው እንጂ ሥር ነው እንዴ? ኢንገር ከጎኑ ሰማያዊ አበባ ልትስል ብሩሿን ስታነሳ፣ አክሰል «ይህን የመሰለ ጎን በአበባ አላበላሽም» ብሎ ተቆጣ ብለሃል። እሷም ተናዳ ከታች ሣለችው። የእነሱ ጠብ ደምበጫ ድረስ መጥቶ እኛን ማወክ ነበረበት? ስድስቱም እንደ መንታ አንድ ናቸው። አባትህ ሻይ ከተቀዳለት በኋላ «የክርስቲያኑ እንዳይሆን» ብሎ፣ ሊያይ ገልብጦ ጉልበቱን ቀቀለ። ሦስት ቀን አነከሰ።

ይህን ያህል ካማሁ በኋላ የሆነውን ልንገርህ።

ጋሼ የምትለው ጎረቤታችን እንዳላማው ጫካ ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። ሚስቱ ወለተ ሐዋርያት ደግሞ ደጃችንን መርገጥ ትታ ነበር። «እስላሞቹን ጣሊያን ወዷቸዋል፣ ከእነሱ ዘንድ የተወራ አያድርም» የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ እሷም ጆሮ ሰጠችው። ውኃ ስንቀዳ ብንገናኝ እንስራዋን ነበር የምታየው። አብራኝ ምጥ ያማጠች ሴት!

እና ባለፈው ወር አባትህ ጉንደ ወይን ገበያ በሄደበት፣ ከሰዓት በኋላ እንዳላማው በጓሮ በር ገባ። ወባ ይዞት ጥርሱ ይንገጫገጫል። «እትዬ ሸሪፋ፣ ቤቴ ተከቧል፤ ካስወጣሽኝም አልቀየምሽም» አለኝ። «ዝም በልና ተቀመጥ» አልኩት። አብሽ በማር አፍልቼ፣ አበባ ካላቸው ኩባያዎች በአንዱ ሰጠሁት፤ ለራሴም በእኛው ቀዳሁ። ግማሹን እንኳ ሳይጠጣ የፊቱ በር ተደበደበ። ቀድሪያ ጎትታ ከቆዳው ክምር ኋላ ከተተችው።

የገቡት አንድ የጣሊያን መኮንንና የእኛው አገር ሰው የሆነ አስተርጓሚ ባንዳ ናቸው። ባንዳው ወግ አዋቂ ነው፣ አላህ ይይለት። ጓዳ አላየም፣ አልጋ ሥር አላየም። በቀጥታ የት ሄደ መሰለህ? በበሩ በኩል ወዳለው መደርደሪያ፣ የብርጓል የሠራቻቸው የድሮ የክርስቲያን ዋንጫዎች ወደተደረደሩበት! አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሳቸው። ሁሉም ደረቅ፣ ሁሉም አቧራ። ለመኮንኑ በጣሊያንኛ ተናግሮ ወደ እኔ ዞረ። «ክርስቲያን ገብቶ ቢሆን በዚህ ታጠጪው ነበር። ተርፈሻል» አለኝ።

ሊወጡ ሲሉ መኮንኑ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት ኩባያዎች አየ። ዓይኑ በራ። ዕቃ አዋቂ ሰው ነው ለካ፤ ዕቃ አዋቂ ደግሞ ሁሉንም ገልብጦ ሥሩን ያያል። የእኔን ጨልጬ ሰጠሁት፤ ገለበጠና «ዳኒማርካ!» አለ፤ የእነ አክሰልን አገር መጥራቱ ነው። ወደ ሌላው እጁን ሲሰድ፣

«ይሄ የማን ነው? አባትሽ የለም አላልሽም?» አለ ባንዳው ለቀድሪያ።

«የእኔ ነዋ! እንግዳ አላስጨርስ አለኝ» ብላ፣ እንዳላማው ያስቀረውን እዚያው ቆማ ጭልጥ አደረገችው። እናቴ ብታይ ራሷን ትስት ነበር።

መኮንኑ ያንንም ገለበጠ። አበባው ብቅ አለ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዞ ጠየቀ። ባንዳው ተረጎመ፤ «ይህ አበባ አለው፣ ያ የለውም። ለምንድን ነው?» ደግሞ ከራሱ ጨመረ፤ «እኔም ልወቀው እስቲ።» ዓይኑ ከፊቴ አልተነቀለም።

ከየት እንደመጣልኝ አላህ ይወቅ። «አበባ ያለው የልጃገረድ ነው። የሌለው የእኔ የባለ ትዳሯ ነው፤ አበባዬ ረግፏል» አልኩ።

ባንዳው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሲተረጉምለት መኮንኑም ሳቀ፣ ለቀድሪያ ጎንበስ አለላት፤ «አገሬ ላለችው እጮኛዬ ይሆናል» ብሎ ያንኑ ኩባያ በመሐረብ ጠቅልሎ ሄደ። እኛ ወለሉ ላይ ቁጭ አልን። እንዳላማው ከቆዳው ኋላ ሰምቶ ኖሮ፣ ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠው «ወባዬን ይጠጣልኛ!» ይላል። አፉን በእጄ ነው ያፈንኩት።

ትኩሳቱ እስኪበርድ እዚያው ከቆየ በኋላ፣ አባትህ ከገበያ ተመልሶ የእኛን ጨርቅ አስጠምጥሞ ከጭነት ነጂዎቹ ጋር አሻገረው። ጓዶቹ ጋ በደህና ደርሷል።

ትናንት ወለተ ሐዋርያት መጣች። እንደ ድሮው «ማንም የለ?» ብላ አልጮኸችም፣ በሩ ላይ ቆመች። «ግቢ እንጂ፣ ደጃፉ ጠፋሽ?» አልኳት። ተቀመጠች። የይቅርታ ቃል ከአፏ አልወጣም፤ እኔም አልጠበቅኩም። አብሽ ልቀዳላት ኩባያ አነሳሁና እንደ ልማዴ ሥሩን ለማየት ገለበጥኩ። እጄን ያዘችኝ።

«ተይ፣ አትይው።»

«የነፍስ አባትሽስ?»

«እነግራቸዋለሁ። ስግደት ይሰጡኛል፣ እሰግዳለሁ። ባሌ ያለው በአንቺ ነው፤ ወገቤ ቢቆረጥ ምን አለበት? ቅጂ።»

ቀዳሁላት። ሁለታችንም የጠጣንበት የትኛው እንደሆነ አላወቅንም። ቀድሪያ አጥባ መለሰቻቸው፤ እሷም አላየች።

ለአክሰልና ለኢንገር ይህን ሁሉ ንገርልኝ። በእኛ የተነሳ እንዳይጣሉ፤ እኔ ሁለቱንም መርቄያለሁ።

እንግዲህ አምስት ኩባያ ቀርቶናል። አባትህ «በሚቀጥለው መርከብ አንዷን ይላክ» ይላል። እንዳትሰማው። መንገድ ላይ ሊሰበር ይችላል፣ ጉምሩክ ሊወስደው ይችላል። አገሩ ሲረጋ፣ ጊዜው ሲደርስ፣ አንተው በእጅህ ይዘኸው ትመጣለህ። ና አላልኩህም፤ አሁንማ አትምጣ። ስለ ኩባያው ነው የማወራው።

ብርዱ አጥንትህ አይግባ፣ እጅህ ሥራ አይጣ፣ ሰው ሁሉ በደግ ዓይን ይይህ። አላህ ከወጣህበት ደጅ በሰላም ይመልስህ።

እናትህ ሸሪፋ